ባሕር ሸሽ፦ ስድስት ቀን በጣና ዙሪያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ ጎጃምን በአውቶቡስ መስኮት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ግን አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አንገታቸውን ወደ ወንዙ አስግገው "ዛሬም አልጠራም" አሉ። ክረምቱ ከወጣ ከወር በላይ ሆኖታል፤ ወንዙ ግን አሁንም ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ የማስበው ግንዱን ብቻ ነበር። አፈሩን አስቤው አላውቅም።

ለምን እንደመጣሁ ላስረዳ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አባቴ የደምቢያ ሰው ነበር፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በመሥሪያ ቤታችን ጣናን ለወረረው ለእምቦጭ ማስወገጃ ከደመወዛችን አዋጣን፤ ካናቴራም ታደለን። እስከ ዛሬ ድረስ ግን እምቦጭ የሚባለውን አረም በዓይኔ አላየሁትም። ለሠርግ አዋጥቶ ሙሽራዋን ሳያይ የቀረ ሰው ሆኛለሁ። የዓመት ዕረፍቴን ያወጣሁት ለዚህ ነው፦ ሙሽራዋን ለማየት።

ባሕር ዳር የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ያረፍሁበት ሆቴል ዳርቻው ላይ ስለሆነ ከበረንዳው ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። ከአጥሩ ሥር አንድ ወፍራም ቱቦ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ሐይቁ ይገባል። አስተናጋጁን ምን እንደሆነ ብጠይቀው "የዝናብ ውኃ ነው ጌታዬ" አለኝ። ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁት። አንድ ኮከብ የሚሸፍን ደመና እንኳ አልነበረም። ቱቦው ግን ይፈስሳል፤ የሚፈስሰውም ነጭ አረፋ አለው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ባሕር ዳር አንድ የድሮ ወዳጅ አለኝ፤ የባዮሎጂ መምህር ነው። ጠዋት ሻያችንን ጠጥተን ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወደ ጨረጨራ ወሰደኝ። እዚያ ውኃውን የሚቆጣጠር ዝቅ ያለ ግድብ አለ፤ በ1988 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት ሐይቁ ሲሞላ ይለቅቅ፣ ሲጎድል ይይዝ የነበረው በራሱ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልኩን የሚወስነው በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ነው።

"ጣናን ሰው ሁሉ ጥልቅ ይመስለዋል" አለኝ ወዳጄ። "ጣና ትሪ ነው።"

ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ሐይቅ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። አማካዩ ከ8 እስከ 9 ሜትር ቢሆን ነው። ባሕር ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱን አንሥተው መካከሉ ላይ ቢያስቀምጡት የላይኛው ፎቅ እንግዶች እግራቸው ሳይርስ ቡናቸውን ይጠጣሉ። ትሪ ላይ ያለ ውኃ ደግሞ ጥቂት ሲቀነስለት ዳሩ ነው ቶሎ የሚደርቀው። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ ባነሰበት ጊዜ ለጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ብዙ ውኃ በመለቀቁ ሐይቁ በጣም ወርዶ መርከቦቹ መጓዝ አቅቷቸው ቆመዋል። ወዳጄ ያኔ ተማሪ ነበር፤ ሁልጊዜ ይዋኝበት የነበረው ቦታ ላይ ኳስ መጫወታቸውን ያስታውሳል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በምዕራብ በኩል በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ የሚወርድ ውኃ አለ፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው እሱ ነው። እኔ ይህን የምጽፈው በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ተቀምጬ ስለሆነ ብዙ ማማረር አያምርብኝም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ነገደ ወይጦዎች ሰፈር ሄድን። ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው ደንገሉን፣ ውኃ ዳር የሚበቅለውን ረጅም ቄጠማ፣ በጉልበታቸው እየተጫኑ በልጥ ያስራሉ። እጃቸው አያርፍም፣ ዓይናቸው ግን እኛ ላይ ነው።

"አባባ፣ ደንገሉን ከየት ያመጡታል?" አልኋቸው።

"ድሮ ከዚሁ ነበር" አሉ በአገጫቸው ወደ ዳርቻው እያመለከቱ። ያመለከቱበት ቦታ ላይ አሁን የግንብ አጥር ቆሟል። "አሁን ሌሊት ተነሥተን ነው። በታንኳ ሄደን፣ ደንገል ቆርጠን፣ ታንኳ ለመሥራት እንመለሳለን።" ሣቁ። "ታንኳዋ ታንኳ ፍለጋ ስትሄድ ታልቃለች።"

ቀልዱ እውነት አለው። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣች ስለምትከብድ ማታ ማታ ዳር ላይ ቆማ መድረቅ አለባት፤ እንዲያም ሆና ዕድሜዋ የወራት ነው። ስለዚህ ደንገል ሲርቅ ሙያው ይርቃል። መምህሩ በበኩሉ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ደንገሉ ከወንዝ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራ ወንፊት፣ ዓሣ የሚፈለፈልበት ጓዳ ነው ይላል። ወንፊቱን ቆርጠን ከጣልን በኋላ ሻዩ ለምን ደፈረሰ ማለት አይቻልም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

በጀልባ ወደ ዘጌ። ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ሌሎች ብዙ ጽፈዋልና እኔ ስለ ጫካው ልጻፍ።

ከጀልባው ወርዶ ሽቅብ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ጥላው ነው። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ጌሾው ከቡናው ጎን፣ እንዲህ እየተደራረበ ፀሐይ መሬት አትነካም። መሬቱ በቅጠል ስለተሸፈነ ጫማዬ አቧራ አልያዘም። በልማዱ መሠረት የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ ምድር በሬ ተጠምዶ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ አዝዘዋል፤ ሕዝቡም ቃሉን ጠብቆ በቡናና በጌሾ ሲተዳደር ኖሯል።

አንድ መነኩሴ ጋር ትንሽ ተጨዋወትን። "አባ፣ ሰው አያስቸግርም? እህል ልዝራ፣ ላም ልያዝ አይልም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ይላል እንጂ፤ ሰው አይደለም እንዴ?" አሉኝ። "ዛፍ ሽጦ መብላትም ይፈልጋል። ግዝቱን ግን ይፈራል።"

ወደ ጀልባው ስንመለስ ዳርቻውን አየሁት። ውኃው ከታች ያሉት ድንጋዮች እስኪታዩ ድረስ ጠርቶ ነበር። በዚህ ጉዞ ድንጋይ ያየሁበት ዳርቻ ይህ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ምሳ ባሕር ዳር ተመልሰን በላን። ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ የጾም ምግብ ጠየቅን፤ አስተናጋጇ ያለማመንታት ዓሣ አመጣች። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ መምህሩ ሽሮ አዘዘ፣ እኔ በላሁ። "ምን ዓይነት ዓሣ ነው?" ስላት "ነጭ ዓሣ" አለችኝ። ወዳጄ ሽሮውን ትቶ ተቆጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበያው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ብሎ በሦስት ይጨርሰዋል። "ነጭ ዓሣ" የተባለው ግን አንድ ዘር አይደለም። አጥኚዎች ለይተው 15 ዝርያ ቆጥረዋል፣ 17 ያደረሱትም አሉ። ሁሉም ከአንድ አያት ወርደው እዚሁ ጣና ውስጥ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላ ዓሣ አሳዳጅ፣ አንዱ ከጭቃ ለቃሚ፣ አንዱ ሣር በሊታ ሆነዋል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የዚህ ወገን ዓሣ ቤተሰብ ሌላው የነበረው በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ ሲሆን እሱ ጠፍቷል። የጣናዎቹም ቢሆኑ ደህና አይደሉም። ብዙዎቹ ለመራባት በክረምት ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ ወዲህ አጥማጁ የሚጠብቃቸው የወንዙ አፍ ላይ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ሠርገኛ እንደ መያዝ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ትልልቆቹ 75 በመቶ፣ ትንንሾቹ ደግሞ 90 በመቶ መቀነሳቸው በጥናት ታውቋል።

"እና አሁን የበላኸው ከ15ቱ የትኛውን ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሣህኑ ላይ የቀረው አጥንት ብቻ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

መድኃኔዓለም ነውና መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። በሚኒባስ ወደ ወረታ፣ ከዚያ በሞተር ብስክሌት ወደ ፎገራ ሜዳ ገባን።

ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር ነው። በአባቴ ዘመን በከብቱ የታወቀ ረግረግ ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ አስተዋወቁ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር እስካሁን በገበሬው አፍ አለ። ድሮ እህል ያጠፋ የነበረው ጎርፍ ሩዙን ያጠጣ ጀመር። አሁን አዝመራው ወርቅ መስሎ አጨዳ ይጠብቃል፤ ቤቶቹ ቆርቆሮ ናቸው። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ግፍ ይሆንብኛል።

የተቀበለን ገበሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በሩዙ መካከል ባለች ድንበር ላይ እየመራን ሄደና አንዲት ሾላ ሥር ቆመ።

"ወንድም ዓለም፣ ይቺን ዛፍ አየሃት? አባቴ ታንኳ የሚያስርባት ነበረች።"

ዙሪያዬን አየሁ። በዓይን የሚታይ ውኃ የለም። ሐይቁን ያገኘነው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘን ነው።

"ይህ ሁሉ ባሕር ሸሽ ነው" አለ።

ባሕር ሸሽ። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። በበጋ ውኃው ወደ ውስጥ ሲመለስ የሚገለጠው ጥቁር መሬት ነው፤ እርጥበቱ ሳይደርቅ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘሩበታል። ክረምት ውኃው ተመልሶ ይሸፍነው ነበር። በድሮው አካሄድ ሐይቁና ገበሬው በየወቅቱ የሚቀያየሩት የጋራ መሬት ነው ማለት ነው። አሁን ግን ውኃው በተመለሰ ቁጥር ቦታው ተይዞ ያገኘዋል፤ ቦይ ተቆፍሮ፣ ካብ ተሠርቶ፣ ድንበር ተለይቶ።

"ባሕሩ ይሸሻል፣ እኛ እንከተላለን" አለ ገበሬው፣ ያለ ኩራትም ያለ ኀፍረትም። አራት ልጆች አሉት። ቃሉ ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሚሸሽ ነገር ሁሉ የሚያሳድደው አለ።

ወላላና ሸሸር የሚባሉት ረግረጎች ሌላ ምስክር ናቸው። ከክረምት እስከ በጋ ውኃ ይዘው ይቆዩ የነበሩ፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የሚሰፍሩባቸው ቦታዎች ነበሩ። የወንዙ ጎርፍ ሲገታና ውኃው በሞተር እየተሳበ ለሽንኩርት ሲውል በጣም ጠበቡ። በራሷ ላይ ዘውድ የመሰለ ወርቃማ ላባ ያላትን ረጅም እግር ወፍ ሁለት ብቻ አየን። እነሱም እርሻ ውስጥ ቆመው ነበር፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ይመስላሉ።

ወደ ማታ የጉማራ ወንዝ ዳር ደረስን። ርብም ጉማራም የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው፤ ጉና ላይ የሚታረሰው ቁልቁለት ሁሉ እዚህ ይደርሳል። እጄን ክንዴ ድረስ ውኃው ውስጥ ነከርሁት፤ ጣቶቼ አልታዩኝም። ንጹሕ ጠጠር ፈልጎ የሚወጣ ዓሣ እዚህ ምን እንደሚያገኝ እንጃ። አንድ ወጣት አጥማጅ በጣም ጠባብ ዓይን ያለው ቀጭን የላስቲክ መረብ እየጠቀለለ ነበር። የያዘውን አሳየን፤ ከመዳፌ አይበልጥም። ሌሎች ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ላይ በትነው ዓሣውን ያሰክሩታል። "አንተስ?" ብዬ ብጠይቀው "እኔ መረብ አለኝ" አለ፣ እንደተሰደበ ሰው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ሙሽራዋን አየኋት።

በጎንደር መንገድ አዘዞ ደርሰን ወደ ቆላ ድባ ታጠፍን። ደምቢያ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥቁር አፈር፣ ማሽላ፣ ጤፍ። ዳርቻው ላይ ስንደርስ ያየሁት ሰፊ አረንጓዴ መስክ ነበር፤ ወይን ጠጅ መሳይ አበባው በነፋስ ይወዛወዛል። ከላይኛው የአበባ ቅጠሉ ላይ እንደ ዓይን የምትመስል ቢጫ ነጥብ አለችው። ላም ደረቷ ድረስ ገብታ ትግጣለች። "ሐይቁስ የት ነው?" አልሁ። መምህሩ በጣቱ አበባውን አመለከተኝ።

ቆንጆ ነው፤ መዋሸት አልችልም። በወርኃ ጽጌ እንዲህ ያለ አበባ ማየት ደስ ያሰኛል፤ የቆመው ምን ላይ እንደሆነ እስክታውቁ ድረስ።

ሥሩ ከደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1950ዎቹ በቆቃና በአዋሽ በኩል ሲሆን ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የታየውም እዚሁ መገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ ነው። ይህ በአጋጣሚ አይመስለኝም። የጎንደር ከተማ ወንዞች፣ አንገረብም ጥምቀት የሚከበርበትን የፋሲለደስን መዋኛ የሚሞላው ቀሃም፣ መጨረሻቸው መገጭ ነው። የከተማ እጣቢ፣ ከማሳ የታጠበ ዩሪያ፣ ከቁልቁለት የወረደ አፈር አንድ ላይ እዚህ ይደርሳሉ። ለእምቦጭ ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም።

የቀበሌው ሰው በሰልፍ ገብቶ ይነቅላል። ወንዶቹ ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ፣ ሴቶቹ ዳር ላይ እየተቀባበሉ ይከምራሉ። አንዲት ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ለካሜራ ነው ለሥራ?"

"ለሥራ ነው እማማ።"

"እንግዲያ ሱሪህን ሰብስብ፣ ሰዓትህን ፍታ።"

ገባሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። አንዱን እምቦጭ ብቻውን ስትይዙት ቀላል ነው፤ ግንዱ እንደ ስፖንጅ አየር የሞላው ነው። ግን አንዱ ከአንዱ ተቆላልፏል፤ አንዱን ስትስቡ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል፤ ሥሩ ጥቁር ጢም ይመስላል፣ ጢሙም ጭቃ ታቅፏል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክንዴን ያሳክከኝ ጀመር። አልቅት እግሬ ላይ ተጣብቆ አንድ ልጅ በጨው አወለቀልኝ። በአንድ ሰዓት ያጸዳሁትን ቦታ ዞሬ ባየው አንድ ምንጣፍ የሚዘረጋበት ስፋት ነው።

ራቅ ብሎ የማጨጃ መሣሪያ ቆሟል። ከባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም አዋጥተው ለጣና እንዲህ ያለ መሣሪያ ልከው ነበር፤ ይህኛው የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። ያን ዕለት አልሠራም። "ጥልቅ ውኃ ይፈልጋል፣ እምቦጩ ደግሞ እዚህ ጥልቁ ውኃ ውስጥ አይደለም" አሉኝ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የዚህ አረም ጠላት የሆነች ጢንዚዛ ለቀው ብዙ ረድታቸዋለች፤ እዚህ ግን ጢንዚዛዋ ነገ ምን ትበላለች የሚለው ፍርሃት አለ። እኔ በዚህ ላይ ለመፍረድ ዕውቀቱ የለኝም።

ሂሳብ ግን አውቃለሁ። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ይህ አራጣ ነው። 100 ሄክታር ነቅላችሁ 1 ሄክታር ብትተዉ፣ ከ12 ሳምንት በኋላ 64 ሄክታር ይሆናል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል፤ ይህም ያልተመዘገበ ዕዳ ነው። በሥራዬ እንዲህ ያለ ሂሳብ ሲገጥመኝ የምጠይቀው ዕዳው ስንት ነው ብዬ አይደለም፤ አሁንም እያበደረ ያለው ማነው ብዬ ነው። ካናቴራችን ላይ የተጻፈው ስለ አረሙ ብቻ ነበር። ስለ ጉና ቁልቁለት፣ ስለ ቀሃ፣ ስለ ባሕር ሸሽ የተጻፈበት አንድም ካናቴራ አላየሁም። አረም መንቀል ጠላት ያስገኛል፣ ሰልፍ ያስገኛል፣ ፎቶግራፍ ያስገኛል። አፈር መጠበቅ ግን ጎረቤትን "እዚህ አትረስ" ማለትን ይጠይቃል።

ስንለያይ እማማ የክምሩ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን በጠላ ጣሳ ይታጠቡ ነበር። አባቴ የዚህ አገር ሰው እንደነበር ነገርኋቸው። የመንደሩን ስም ስነግራቸው "ኧረ አንተ! ዘመድ ነሃ" አሉ። "ታዲያ ለምን አንድ ሰዓት ብቻ?"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ጎርጎራ። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን ኮረብታው ላይ ወጣን። ከላይ ሲታይ ሐይቁ ምንም የሆነ አይመስልም፤ ሰማያዊ ነው፣ ዳር የለውም፤ እምቦጩም ከርቀት የቀሚስ ጥለት ይመስላል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግበው ሰዎቹ ያዩት ከእንዲህ ያለ ኮረብታ ላይ ሆነው ይሆን ብዬ ቀለድሁ። ወዳጄ አልሣቀም። ሰኞ የሚያስተምረው ክፍል ስለ ሥርዓተ ምሕዳር እንደሆነ ነገረኝ፤ ተማሪዎቹን እዚህ ለማምጣት ለመጓጓዣ በጀት ጠይቆ አያውቅም።

ከዚያ ረጅሙን መንገድ ዞረን ባሕር ዳር ማታ ደረስን። ነገ እመለሳለሁ። ሻንጣዬን ስከፍት የትናንቱ ሱሪ እንደ ሰሌን ደርቆ ቆሟል፤ የደምቢያ ጥቁር አፈር እስከ ጉልበቱ ተለጥፎበታል። በመታጠቢያ ቤቱ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ አሸሁት። ሦስት ጊዜ ውኃ ቀየርሁ፤ ሦስቱንም መሬት ላይ ባለው ቀዳዳ አፈሰስሁ።

እጄን እያደረቅሁ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ሐይቁ ጨልሟል። ከአጥሩ ሥር ያለው ቱቦ በሆቴሉ መብራት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እየፈሰሰ ነው። እንደ ሰኞው ነጭ አልነበረም። ጥቁር ነበር።